አፉን ከከፈተ

ውባንቺ የልጇ ክንድ ጥብጣቡን ያሸነፈ ዕለት እልል ብላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል፤ እሷም አትክደውም። ጥብጣቡ በየጤና ጣቢያው የሕፃናት ክንድ የሚለካበት ነው። ቀይ ላይ የቆመ ልጅ ተርቧል፣ ቢጫ ላይ የቆመ ሊራብ ነው፣ አረንጓዴ ላይ የቆመ ተርፏል። ውባንቺ ንፋስ መውጫ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ከየገጠሩ በእናቶቻቸው ጀርባ የሚመጡ ሕፃናትን ክንድ ስትለካ ትውላለች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ያንኑ ጥብጣብ ከጋዋኗ ኪስ አውጥታ የራሷን ልጅ ትለካለች። ፈንታው አምስት ዓመቱን አለፈ፤ ጥብጣቡ ለትንንሾቹ ነው፣ ለሱ አይሆንም፣ እሷ ግን ለካችው። ትምህርት ቤት ገባ፤ ለካችው። አንድ ቀን ጥብጣቡ ክንዱን ዞሮ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። ያኔ ነው እልል ያለችው። ዳቦ ደፍታ ጎረቤት ጠራች። እንግዲህ ፍረዱ፤ የተማረች ሴት ናት። ግን ጋይንት ነው፤ ክፉ ቀን ያልገባበት ቤት የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ያ ልጅ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ነው። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለችውን ዳገት በእግሩ መውጣት ከተወ ሰንብቷል፤ በባጃጅ ይሄዳል፣ በባጃጅ ይመለሳል። ሲተኛ እንደ ሽማግሌ ያንኮራፋል። ውኃ ጠጥቶ ሳይጨርስ ይጠማዋል። አንገቱ ዙሪያውን ጠቁሮ ነበር፤ ውባንቺ እድፍ መስሏት በሳሙናና በሻካራ ጨርቅ ስትፈትገው ከረመች። “አንተ ልጅ፣ ስትታጠብ አንገትህን ትረሳዋለህ እንዴ?” ትለዋለች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ያስፈትጋል። ቆዳው ቀላ፣ ተላጠ፣ ጥቁረቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

እድፍ እንዳልሆነ የነገራት ደብረ ታቦር ያገኘችው ሐኪም ነው። መስከረም እንደጠባ ነበር። ሐኪሙ የልጁን አንገት አየ፣ ደሙን አስመረመረ፣ ከዚያ ልጁን ውጭ እንዲቆይ አድርጎ እሷን አስቀመጣት።

“ሲስተር፣ ደሙ ላይ ስኳር ከፍ ብሏል። ገና ደጃፉ ላይ ነው ያለው፤ መመለስ ይችላል። ክብደቱን ከቀነሰ፣ በእግሩ ከሄደ፣ ለስላሳና ጣፋጩን ከተወ ይመለሳል። ካልሆነ ግን ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ነው። ከዚያ ወዲያ ዓይን አለ፣ ኩላሊት አለ። አንቺ ታውቂዋለሽ።”

“በዚህ ዕድሜው?”

“በዚህ ዕድሜው። አሁን ብዙ ልጆች እያየን ነው። ለገና መልሰሽ አምጪው፤ እስከዚያ ካልቀነሰ መድኃኒት እጀምርለታለሁ።”

ታውቂዋለሽ አላት። መቼ አወቀችው? ተምራዋለች፣ ተፈትናበታለች፣ ግን የሥራ ክፍሏ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሁሉ የከሳ ልጅ ሥዕል ነው። ወፍራም ልጅም ይታመማል ብሎ አንድ ወረቀት የለጠፈላት የለም። ብትለጥፈውስ ማን ያምናታል? ራሷም አላመነችም ነበር።

የስለቱ ነገር ካልተነገረ ደግሞ ቀጥሎ ያለው አይገባም። ከፈንታው በፊት ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረቻት። ያኔ ውባንቺ ከአርብ ገበያ ወዲያ በእግር በሚገባ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። የሰው ልጅ ልታድን ስትዞር የራሷ ታመመባት። ተቅማጥ ነው ሲሉ ትውከት ሆነ፤ መጨረሻ ላይ ሕፃኗ እህል አልቀምስ አለች። እናትየዋ በጣቷ ገንፎ ይዛ ለመነቻት፣ ዘፈነችላት፣ አለቀሰችላት። ትርሲት አፏን እንደገጠመች ሞተች። ውባንቺን እስከ ዛሬ ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት ያ የተገጠመ አፍ ነው። ከቀብሩ በኋላ በባዶ እግሯ የቀበሌው ሚካኤል በር ላይ ቆማ፣ የንስሐ አባቷ መምሬ ወልደ ገብርኤል እየሰሙ ተሳለች፤ “አፉን የሚከፍት ልጅ ስጠኝ። አንተ ስጠኝ እንጂ፣ አፉን ከከፈተ ባዶውን አልመልሰውም።” ሚካኤልም ሰጣት። በሟቿ ፈንታ ነውና ፈንታው አለችው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አፉን ባዶውን አልመለሰችውም።

ልጁም ስለቱን ስሙን እንዳወቀ ነው ያወቀው። “እማ፣ ዳቦ አለ?” ካለ፣ እንግዳ ይኑር፣ ልብስ እያጠበች ይሁን፣ ትነሳለች። ዳቦ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ብስኩት ነው፣ ፓስቲ ነው፣ ከሱቅ ለስላሳ ነው፣ ዘይት የጠጣ ፍርፍር ነው። ደመወዝ ካላት አይቀር ልጇ እሷ ያላየችውን ቢያይ ምን አለበት? እንዲህ ነበር የምትለው።

ከደብረ ታቦር በተመለሰች ማግሥት ለስላሳውን ከቤት አወጣች። ዘይቱን ቀነሰች። ዳቦና ብስኩቱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበት። ባሏ ስማቸው የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ ግን በዚህ ነገር አልረዳትም።

“ልጅ ነው፣ ቁመት ሲጥል ይቀጥናል። እኔ በሱ ዕድሜ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው የተማርኩት። እሱ እንኳ ይብላ እንጂ።”

“ያ ቆሎ ነዋ ያዳነህ።”

“አጥቼ እንጂ ወድጄ ነው እንዴ?” አለና ጋዜጣውን ገለጠ።

ያን ማታ ፈንታው የቀረበለትን ጎመን በእንጀራ በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ፣ “እማ፣ ዳቦ የለም?” አለ።

“የለም” አለች። ውሸቷን ነው። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው።

ልጁ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ተቸገርን እንዴ?” ሲል ጠየቃት።

“አልተቸገርንም።”

“ታዲያ?”

ተነሥታ ቁም ሣጥኑን ከፈተችው። የመጀመሪያዋ ቀን እንዲህ አለፈች።

ሌላ ቀን ጨከነች። ጨክና ስትጨርስ ልጁን ቤት ውስጥ አጣችው። ቆይታ ጎረቤቷ እትዬ መሰለች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን አጥቁረው መጡ።

“ውባንቺ፣ ልጁ እኔ ቤት ነው። እራቱን በላ። ምን ነካሽ ልጄ? ቀን ጎደለባችሁ?”

“ስኳር አለበት ብለውኝ ነው፣ እትዬ መሰለች። እንዲቀንስ ብለውኝ ነው።”

“ስኳር የሽማግሌ በሽታ ነው። ይኼ ዓይን ነው። ወዙን ያየ ሁሉ ዝም ብሎ የሚያልፍ መሰለሽ? ጠበል ውሰጂው እንጂ መሶብ አትክደኚበት። እኔ ክፉውን ቀን አይቻለሁ። እናቴ ጦሟን አድራ እኛን አጉርሳናለች፤ ሞልቶ ተርፎ ልጇን የምታስርብ እናት ግን አላየሁም።”

ምን ትመልስላቸው? የተናገሩት እውነት ነው። እናታቸውም እውነት ናቸው፣ ጦሙም እውነት ነው። ሰው ተርቦ በሞተበት አገር ላይ ቆሞ “ልጄን አታብሉብኝ” ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው? እትዬ መሰለች ሲወጡ ለሰፈሩ እንደሚያወሩ አወቀች፤ አወሩም። ከዚያ በኋላ ፈንታው ያለፈበት ቤት ሁሉ ይጠራዋል። “ና እስቲ፣ እናትህ ደግሞ” ይሉታል፤ ድንች በዘይት ጠብሰው ያቀርቡለታል።

ትምህርት ቤት ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ስፖርት አስተማሪው ሜዳውን ዙሩ ሲል ፈንታው ከሁሉ ኋላ ይቀራል። ልጆቹ “ሲኖትራክ” ብለው ስም አወጡለት። “ሲኖ መጣ፣ መንገድ ልቀቁ” ይሉታል፣ መስመር ሠርተው ያሳልፉታል። ይህን ለእናቱ የነገራት እሱ አይደለም፤ የባጃጁ ሾፌር ነው፣ አንድ ቀን ከክፍለ ጊዜው መሐል ይዞት የመጣ። ልጁ ገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ፣ ፊቱ በላብና በእንባ ተበላሽቷል።

“እማ፣ ዳቦ ስጪኝ” አለ።

በዚያን ቀን ዳቦ አይሆንም ማለት የማን እናት ትችላለች? ሰጠችው። ግማሹን ሲጨርስ ግማሹን ሰጠችው። ከዚያ ጓሮ ዞራ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ አለቀሰች። ልጇን በገዛ እጇ እየገደለችው እንደሆነ ታውቃለች። እጇን ማቆም ግን አልቻለችም። ጤና ጣቢያ ወስዳ ስትመዝነው ሚዛኑ ወደ ላይ ነው። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ገባ፣ ሚዛኑ ወደ ላይ ነው።

መምሬ ወልደ ገብርኤል ዘንድ ስልክ የደወለችው ያኔ ነው።

“አባቴ፣ ያንን ስለት ይፍቱኝ። ልጄ በስለቱ እየሞተብኝ ነው።”

በስልኩ ውስጥ ንፋሱ ይሰማል።

“እኔ ሰማሁ እንጂ አልተቀበልኩም፣ ልጄ። የተቀበለው እሱ ነው። ለኅዳር ሚካኤል ልጁን ይዘሽ ነይ። ከተሳልሽበት በር ቆመሽ በራስሽ አፍ መልሺው።”

“ይቆጣኝ ይሆን?”

“እሱ መልአከ ምሕረት ነው። አንቺ ብቻ የምትይውን አስበሽ ነይ።”

እስከ አርብ ገበያ መኪና አገኙ። ከዚያ ወዲያ እግር ነው። ጤፉ ደርሶ አጫጁ ተሰማርቷል፤ ክብረ በዓል ስለሆነ ግን ማሳው ላይ ሰው የለም፣ ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ሚካኤል ይወርዳል፣ ይወጣል። አሮጊቶች አለፏቸው። ሕፃናት ያዘሉ እናቶች አለፏቸው። ፈንታው ጥቂት ይራመድና ይቆማል፣ ጉልበቱን በእጁ ይደግፋል። “ትንሽ፣ እማ፣ ትንሽ” ይላል። ትልቁ ዳገት ላይ ሲደርሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ አልነሳም አለ። ትንፋሹ ሲያፏጭ ትሰማዋለች። ውባንቺ እዚያች ዳገት ላይ ትርሲትን አዝላ ስትሮጥ ትዝ አላት፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ በዚያ ዝናብ።

“ራበህ፣ አይደል?” አለች። እጇ ቀድሟት ዘንቢሏ ውስጥ ገብቶ ዳቦ ይዟል። አዎ፣ ስለት ልትመልስ የወጣች ሴት ስንቅ ቋጥራ ነው የወጣችው።

ልጁ ዳቦውን አየ። እሷን አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

“ብነግርሽ ትቆጫለሽ?”

“ምኑን?”

“አልራበኝም። ብዙ ጊዜ አይርበኝም እኮ።”

“ታዲያ ለምን ስጪኝ ትለኛለህ?”

“ስጠይቅሽ ደስ ይልሻል።” በእግሩ ጠጠር አንከባለለ። “ትንሽ ሆኜ፣ ዝም ካልኩ ግንባሬን ትዳስሻለሽ። አፌን ታያለሽ። ፊትሽ ልክ ያመመሽ ይመስላል። ዳቦ አለ ወይ ካልኩሽ ግን ትስቂያለሽ፣ ትነሻለሽ። ስለዚህ እልሻለሁ። አሁን አሁን ለመደብኝ። ልጆቹ ሲስቁብኝ ደግሞ የእውነት ይርበኛል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፍቶብኛል።”

ውባንቺ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ይህን ሁሉ ዓመት ልጇን የምታኖረው እሷ መስሏት ነበር። ለካ ልጁ ነው እሷን ሲያስታምም የኖረው፣ በገዛ ገላው። ልታቅፈው ፈለገች፣ ይቅር በለኝ ልትለው ፈለገች፤ ከአፏ የወጣው ግን፣ “ተነሥ፣ እንዳይረፍድብን” ብቻ ነው። ዳቦውን ወደ ዘንቢሏ መለሰች። ቀስ እያሉ፣ እያረፉ፣ ወጡት።

መምሬ ወልደ ገብርኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ጠበቋቸው። አርጅተዋል። መስቀላቸውን አሳለሟቸው፣ ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት።

“በይ” አሏት።

ውባንቺ ጫማዋን አወለቀች። ያን ጊዜ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች። “ቅዱስ ሚካኤል ሆይ” አለች፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደላትም። ምን ትበል? ልጄን ላስርበው ፍቀድልኝ ትበል? የሰጠኸኝን አፍ ዝጋው ትበል? ትርሲት የተቀበረችበት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ከበሩ ይታያል። እንደገና “ሚካኤል ሆይ” አለች። መምሬ ጠበቋት። ፈንታው ጠበቃት። ከውስጥ ዲያቆን መጥቶ መምሬን ጠራቸው።

“ቀስ ብለሽ” አሏት፤ “እመለሳለሁ” ብለው ሄዱ። እሷም ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ አፏ ከዳት።

ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ለጠበል ጸዲቅ ወደ ዳሱ ሲጠራ እነሱንም አስገቧቸው። እማሆይ ፈትለወርቅ ወዲያው አወቋት። የትርሲትን ገላ ያጠቡት እሳቸው ናቸው።

“ይኼ ፈንታው ነው?” አሉ። አይተው የሚያምኑ አልመሰሉም። “ኑ እስቲ እዩልኝ፣ የሚካኤልን ልጅ እዩልኝ።”

ሴቶቹ ከበቡት። ክንዱን ያዙት፣ በሁለት እጃቸው ለኩት። እንዲህ ያለ ክንድ በዚህ ቀበሌ ታይቶ ያውቃል ወይ ተባባሉ። አንዷ እልል አለች። ፈንታው ክንዱን ሰጥቷቸው፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ያን ጥቁሩን አንገቱን ሲያስፈትግ እንደሚደፋው። ውባንቺ ያን እልልታ አወቀችው። የራሷ ነው።

እንጀራው መጣ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ወጡ ተጨለፈ።

“በይ አንቺ አጉርሽው” አሉ እማሆይ ፈትለወርቅ። “በስለትሽ አጉርሽው፣ ዓይናችን ይይ።”

ዳሱ ሁሉ እሷን ያያል። እጇ ከሷ ሳይማከር እንጀራውን ቆርሷል፣ ወጡን አጥቅሷል፣ ጠቅልሎታል። ትልቅ ጉርሻ ነው። ወደ ልጇ አፍ አነሣችው።

“ጠግቤያለሁ፣ እማ” አለ ፈንታው፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

“ጉርሻ ይመለሳል እንዴ፣ ልጄ? በሚካኤል ቀን?” አሉ እማሆይ። ጆሯቸው ደህና ነው።

ልጁ ቀና ብሎ የእናቱን ፊት አየ። ምን እንዳየ እሷ አታውቅም፤ ግን ያን ያመመው ፊት መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ወዲያው አፉን ከፈተላት። ሰፋ አድርጎ ከፈተው፣ እንደ ሕፃንነቱ። ዓይኑ ውስጥ ረሃብ የለም። አንድም ረሃብ የለም። እሷን ነው የሚያየው፤ አይዞሽ እያላት ነው።

የውባንቺ እጅ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ መለሰችው። ጉርሻውን ወደ ራሷ አፍ ወስዳ ጎረሰችው።

እማሆይ ፈትለወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። “ከልጇ አፍ” አለች አንዷ ቀስ ብላ፤ “ከልጇ አፍ ነጥቃ በላች።” ይህ ወሬ ከሷ በፊት ንፋስ መውጫ እንደሚገባ፣ እትዬ መሰለች ዘንድ እንደሚደርስ፣ ዕድሜ ልኳን እንደሚከተላት ውባንቺ ታውቃለች። መምሬ ወልደ ገብርኤል ከዳሱ መግቢያ ላይ ቆመው አይተዋል። ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው አማተቡ።

እንባዋ እየወረደ ታኝካለች። ፈንታው ጥቂት ጊዜ አፉን እንደከፈተ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ባዶውን፣ ገጠመው። አሥራ ምናምን ዓመት የፈራችው የተገጠመ አፍ ፊት ለፊቷ ነው፤ ልጁ ግን ይተነፍሳል። እሷም አፉን እያየች ማኘኳን ቀጠለች።